ያልተነቃነቀችው

"ማዘር፣ ዓይንሽን እንዳታርገበግቢ! ሮቦት ነሽ፤ ሮቦት አይደነግጥም፣ አያዝንም!" ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ።

ልብስ አጣቢዋ ደርቃ ቆመች። ፊቷን ብርማ ቀለም ለቅልቀዋት አዲስ ብረት ድስት መስላለች። አጠገቧ የቆመችው ሽንኩርት ሻጭ ጎረቤቷም እንደዚያው። አጣቢዋን ለፊልሙ ሥራ ጎትታ ያመጣቻት ይህችው ጎረቤቷ ናት። "ቆሞ መዋል ምን ይከብዳል? ዕድሜያችንን ቆመን አይደል የኖርነው?" ብላ እየሳቀች።

ፊልሙ ስለ መጪው ዘመን ነው አሉ። ሰውና ሮቦት አልለይ ብሎ ዓለም ሲጨነቅ ያሳያል። የጠገበ ሰው ጭንቀት!

የሚቀረጹበት መጋዘን ታፍኗል፤ መብራቱ ይጠብሳል። ቀረጻው መሀል ላይ ሽንኩርት ሻጯ ተንገዳገደችና የጎረቤቷን እጅ ጨበጠች።

"እቴ፣ ያዢኝ... ዓይኔ ጨለመ።"

አጣቢዋ ሰምታለች። አልሰማሁም ብትል ውሸቷን ነው። ቀረጻውን ካበላሸሁ ያባርሩኛል ብላ ፈራችና እጇን እንደ እንጨት አደረቀችው። ሽንኩርት ሻጯ ተንሸራታ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አለች። እንደ እነሱ ብርማ ቀለም ተለቅልቆ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰልፉን ጥሎ ወደ ወደቀችው ሮጠ። አጣቢዋ ብቻ ተገትራ ቀረች።

"ከት! ማዘር፣ አንቺማ ቁርጥ ሮቦት ነሽ!" አለ ዳይሬክተሩ እያጨበጨበ።

የሰው ፊት ከእሳት ይፋጃል። አጣቢዋ ከቀለሙ ሥር ፊቷ ነደደ፤ ግን ለማን ይታያል? ብር እንደሆነ አይቀላ።

ሽንኩርት ሻጯ ውኃ ተጎንጭታ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች።

"አሁን ደግሞ በጎን እንቀርጸዋለን" አለ ዳይሬክተሩ። "እሷ ትወድቃለች፤ አንቺ እንደ ቅድሙ ዝም።"

"እሷ አትቸገርም፤ ታውቅበታለች" አለች ሽንኩርት ሻጯ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

"ሁሉም ወደ ቦታው!"

አጣቢዋ ወደ ቦታዋ አልሄደችም። መጥታ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለችና የጎረቤቷን እጅ ያዘች።

"አሁን ለማን ብለሽ ነው?" አለቻት ሽንኩርት ሻጯ። "ተይኝ እባክሽ።"

የያዘችው እጅ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ጣቱ እንኳ አልታጠፈላትም።

"ማዘር! አንቺን እኮ ነው የምንጠብቀው!"

አጣቢዋ ዓይኗን አርገበገበች። እጁን ግን አልለቀቀችም።