ገመዱን ማንም እንዳይነካ

ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጀልባ ላይ ተቀምጣ ሰርዲን ስታጸዳ የኖረች ሴት መሪ ስትጨብጥ ምን እንደሚሰማት ማወቅ የፈለገ፣ ያን ቀን ጠዋት ቪንካን ማየት ነበረበት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከጎረቤት ደሴት፣ ከቬላ ሉካ ወደብ የወጡት ጎህ ሲቀድ ነው። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ረግቷል። ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ ስትጠገን የከረመችው ጀልባ፣ ፌሊቺታ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለሟን ለብሳ፣ አሮጌ ሞተሯ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ስትወጣ፣ ቪንካ የመሪውን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

«አንቺ፣ ምን ያስቅሻል?» አለች ፔሪና ከፊት ሆና።

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብሎ ለሚስቅ ሰውማ መድኃኒት ነበረኝ፤ ጡረታ ባልወጣ።»

ፔሪና አርባ ዓመት መድኃኒት ቤት የሠራች ሴት ናት። የመንደሩን ሰው ሁሉ በሽታ ታውቃለች፤ መንደሩም ይህን ስለሚያውቅ ያከብራታል። ሦስተኛዋ ዶብሪላ መሃል ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ዶብሪላ በደሴት ተወልዳ፣ በደሴት አግብታ፣ በደሴት ስድስት ልጅ ወልዳ ባሕር የምትፈራ ሴት ናት። ዛሬ የመጣችው ለቪንካ ብላ ነው፤ ይህንንም በየሩብ ሰዓቱ ሳታስታውስ አታልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌሊቺታ የቪንካ አባት ጀልባ ነበረች። እሳቸው ሲያርፉ ግማሿ ለቪንካ፣ ግማሿ ለታላቅ ወንድሟ ለሎቭሬ ደረሰች። ሎቭሬ ጉልበቱን ታሞ ባሕር መውጣት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ «የቆመ ጀልባ ይበሰብሳል» ብሎ ከዋና ከተማው ከዛግሬብ ገዢ አገኘላት። ቪንካ «እኔ እነዳታለሁ» ስትለው ሳቀ። በሚያዝያ ተፈትና ያገኘችውን የጀልባ መንጃ ፈቃድ ፊቱ ላይ ብትዘረጋለት ደግሞ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አላት። ደሟ ፈላ። ብዙ ተባባሉ። በመጨረሻ ሎቭሬ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቃሉን ሰጠ።

«ከቬላ ሉካ ራስሽ ነድተሽ አምጪያት። መንደራችን ኮሚዣ፣ ወደቡ ግንብ ላይ ከቆመው ሰው አንድም ገመድሽን ሳይነካ ካሰርሻት፣ የእኔን ድርሻ እፈርምልሻለሁ። አንድ ሰው ከነካ ግን በዚያው ቀን ትሸጣለች።»

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ኮሚዣ ውስጥ ጀልባ ሲገባ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው አልተፈጠረም። ገመድ ከተወረወረ ሁሉም ይዘላል፤ ምክር የማይጮህም የለም። ሠላሳ ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን ገመድ ተቀብሎ፣ አስሮ፣ ሰላም ሳይል ይሄዳል። ሎቭሬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያላሰበው ፔሪናን ነው። ፔሪና ከመነሳታቸው በፊት በየቤቱ ዞራ፣ «ገመዷን የነካ ሰው የሚውጠውን ኪኒን ስም ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እለጥፋለሁ» ብላ ነበር።

ከደሴቱ ጥግ ወጥተው ሰፊው ባሕር ሲከፈት ቪንካ የመሪውን እጀታ አጥብቃ ያዘች። ከፊት ለፊት፣ ሩቅ፣ የእነሱ ደሴት ቪስ ሰማያዊ ሆና ተቀምጣለች። በመሃል ውሃ ብቻ ነው። ሞገዱ ከሥር ቀስ ብሎ ያነሳቸዋል፣ ቀስ ብሎ ያወርዳቸዋል።

«ፔሪና ነይ፣ ያዢ!» አለቻት።

«እኔ? መሪ?»

«አዎ አንቺ። እኔ አንድ ነገር ብሆን ዶብሪላ ናት የምትነዳው?»

«ኧረ አትሁኝ!» አለች ዶብሪላ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ፔሪና መጀመሪያ ወደ ቀኝ ስትገፋ ጀልባዋ ወደ ግራ ዞረችባትና ባሕሩን ሰደበችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ እጀታውን መልሺ ብትባል እምቢ አለች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ቪንካ።

«ሞኝ በይኝ፣ ብቻ አትንኪኝ!»

በዚህ መሃል ከስፕሊት ከተማ የሚመጣው ፈጣን መርከብ በሩቁ አልፎ ሞገዱን ላከባቸው። ቪንካ ዘላ መሪውን ነጠቀችና የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሞገዱ አዞረች። ፌሊቺታ ተነሳች፣ ወደቀች፣ እንደገና ተነሳች፤ ውሃው ዶብሪላን ከራስ እስከ እግሯ አጠባት። ዶብሪላ ጮኸች።  ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ሳቋ መጣ፤ ሆዷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

«ይኸው ነው እንዴ?» አለች። «ሃምሳ ዓመት የፈራሁት ይኸው ነው?»

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማት። ሰርዲንና ሽንኩርት የተሞላውን ዳቦ አወጣች፣ በውሃ የቀጠነ ወይን ቀዳች፣ እየዘፈነች አጎረሰቻቸው። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ የመንደራቸው ዓሣ አጥማጅ ከጎናቸው ሲያልፍ ሞተሩን ቀነሰ። ጀልባዋን አየ፣ ሦስቱን ሴቶች አየ፣ አንገቱን አስግጎ ደግሞ አንድ ሰው ፈለገ።

«ሰውየው የት አለ?» ሲል ጮኸ።

«ታች ቤት ድንች ይልጣል!» አለች ፔሪና።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ማየስትራል የሚሉት የበጋ ነፋስ ተነሳ። ባሕሩ ነጭ ነጭ ማሳየት ጀመረ። የቪስን ደቡብ ዞረው የኮሚዣ ቤቶች፣ ከተራራው ሥር ተደርድረው፣ ከነደወሉ ማማ ብቅ ሲሉ ሦስቱም እኩል ጮኹ። የሚቀረው ማሰር ብቻ ነበር። ለተመልካች ሰማይ ቅርቡ ነው እንደሚባለው፣ ማሰር ከግንቡ ሆኖ ሲያዩት እንደ ቀላል ነገር ነው።

የቅዱስ ሮኮ በዓል ዋዜማ ስለሆነ መንደሩ ሁሉ ግንቡ ላይ ነበር። ቪንካ ከሩቅ ስታያቸው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ስልሳ የሚሆን ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለፎቶ የተሰለፈ ይመስል ቆሟል። አንዳንዱ እንዳይሳሳት እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፏል። መሃል ላይ ሎቭሬ፣ ከጎኑ ነጭ ጫማ ያደረገው የዛግሬብ ሰው አለ።

«ቀኝ! ቀኝ!» አሉ ገና ሳትጠጋ።

«ኧረ ግራ ነው! አሁን ግራ!»

«ቀስ በይ! ሞተሩን ቀንሺ!»

እጃቸው ቢታሰርም አፋቸው አልታሰረም። ቪንካ አልሰማቻቸውም። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ መለሰች፤ ከግንቡ አርባ ሜትር ሲቀራት፣ አባቷ ሁልጊዜ ያቆሙበት ቦታ ላይ፣ ጮኸች።

«ፔሪና፣ መልሕቁን ልቀቂ!»

ፔሪና ለቀቀች። መልሕቁ ጧ ብሎ ገባ። ቪንካ ወደ ኋላ ማርሽ አስገብታ የጀልባዋን ጀርባ ወደ ግንቡ ሰጠች። የመልሕቁ ገመድ ይሮጣል፤ አሥር ሜትር፣ ሃያ ሜትር፣ ሠላሳ ሜትር። ያምራል። «ይበቃል፣ ያዢው!» አለች። ፔሪና ልትይዘው ስትጎነበስ የገመዱ ጫፍ በጣቶቿ መሃል ሹልክ ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ።

የኮሚዣ ዓሣ አጥማጅ የመልሕቁን ገመድ ጠምጥሞት ያድራል እንጂ ጫፉን ከጀልባው ጋር አስሮ አይተውም። ሌሊት ከተራራው ድንገተኛ ነፋስ ቢወርድ፣ መልሕቅ ለመጎተት ጊዜ የለም፤ ገመዱን ከነመልሕቁ ለቆ ነፍሱን ያድናል። ስለዚህ አባቷ ሊያቆሙ ሲሉ ያስሩታል፣ ሊተኙ ሲሉ ይፈቱታል። ቪንካ ጠዋት ገመዱን እንደ አባቷ ጠቅልላ፣ እንደ አባቷ ጫፉን ፈታ ተወችው። ማሰሩን ረሳች። ሌላ አገር የተማረ ሰው ይህን ስህተት ሊሠራው አይችልም።

ግንቡ ላይ የቆመው ሁሉ አየ። ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» አለ አንዱ።

ቪንካ ማርሹን ወደ ፊት መለሰች። ጆሮዋ እስኪግል አፍራለች፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ማልቀስም ቃጥቷታል። መልሕቅ የሌላት ጀልባ በዚህ ነፋስ ወደ ግንቡ ከተጠጋች ድንጋዩ ላይ ትፈጫለች። አንድ ሰው ገመድ ተቀብሎ ቢይዝላት ግን ትድናለች። ሎቭሬን አየችው። ሎቭሬ አልሳቀም፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ታች አየች። ስድስት ሜትር ይሆናል፤ ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። በጥቁሩ የባሕር ሣር ላይ ነጩ ገመድ ተጋድሞ ይታያል።

«ፔሪና፣ መሪውን ያዢ። ከገመዱ በላይ ስንደርስ ሞተሩን ከማርሽ አውጪ። እኔ ሳልወጣ እንዳትነኪው!»

«ሳትወጪ ስትይ? ከየት ነው የምትወጪው?»

ቪንካ ጫማዋን አወለቀች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ዋና የምታውቅ፣ ልጅ ሆና ከሎቭሬ ጋር ከግንቡ እየዘለለች አሸዋ የምታወጣ ሴት ናት፤ ግን ያ የዛሬ አርባ ዓመት ነው። ሞተሩ ከማርሽ ወጣ። ፌሊቺታ ቀስ በቀስ ወደ ግንቡ መንሸራተት ጀመረች። ቪንካ ከነቀሚሷ፣ ከነመነጽሯ፣ ከፊት በኩል ዘለለች።

መጀመሪያ ስትወርድ ቀሚሷ ተገልብጦ ፊቷን ሸፈነው። ጆሮዋን ወጋት፤ ሣሩን ነክታ ባዶ እጇን ወጣች። መነጽሯ የለም። ከግንቡ በኩል «ቪንካ! ተይው!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ የሎቭሬ ነው። ጀልባዋን አየቻት፤ ከግንቡ ሃያ ሜትር አልቀራትም። አየር ሳበችና እንደገና ወረደች።

በዚህ ጊዜ ዓይኗን አላመነችም፣ እጇን አመነች። ሣሩን እየዳሰሰች ሄደች። ደረቷ ተቃጠለ። አንድ ወፍራም፣ ሻካራ ነገር መዳፏ ውስጥ ሲገባ፣ ውሃ ውስጥ ሆና ጮኸች፤ እንዴት እንደሚቻል እኔ አላውቅም፣ እሷ ግን ጮኼያለሁ ትላለች።

ጫፉን ይዛ ስትወጣ ጀልባዋ ርቃለች። በአንድ እጇ ዋኘች። ፊት ለፊቷ፣ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እስከ ወገቧ ድረስ ወደ ባሕሩ ተንጠልጥላ፣ ሁለት እጇን የዘረጋችው ዶብሪላ ነበረች።

«ስጪኝ! ስጪኝ የኔ እናት! ቢበዛ እሰጥማለሁ!»

ዶብሪላ ገመዱን ነጠቀች። አፍንጫው ላይ ባለው የእንጨት ጉጥ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠመጠመችው፤ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ክንዶች ናቸው፤ ደግሞም ጫፉን በቋጠሮ አሰረችው። ገመዱ ተወጠረ፣ ጮኸ። ፌሊቺታ ተንቀጠቀጠችና ከግንቡ ሦስት ሜትር ሲቀራት ቆመች።

ግንቡ በጩኸት ተናጋ። ሰው ተቃቀፈ። ባርባ ዙዋኔ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ሁሉም ባርባ፣ አጎቴ እንደ ማለት፣ የሚላቸው የወደቡ ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ወረወሩ። ቪንካ በጎን በኩል ተንጠላጥላ ገባችና ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ሳልና ሳቅ አንድ ላይ ይወጣባት ነበር።

ነገር ግን ጀልባዋ ገና አልታሰረችም። ፔሪና የኋላውን ገመድ ይዛ የጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆማለች። ሦስት ሜትር ለስልሳ አምስት ዓመት ሴት ዝላይ አይደለም፤ ገመድም ያለ ተቀባይ አይታሰርም። ይህን ሁሉም እኩል ገባቸው። ስልሳ ሰው እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ቆመ።

ያኔ ሎቭሬ ከሰው መሃል ወጣ። አንድ እግሩ ባዶ ነበር፤ ቪንካ ሁለተኛ ስትወርድ ሊዘልላት አንዱን ጫማ አውልቆ፣ ሁለተኛውን ሳያወልቅ እሷ ወጥታለች። እያነከሰ ወደ ጠርዙ ሄደና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አትንካ!» አሉ ባርባ ዙዋኔ። «አንተ ልጅ፣ አታፍርም? ነክተህ ልታሸንፋት ነው? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ባርባ፣ አንዴ ዝም ይበሉ» አለ ሎቭሬ።  ወደ ዛግሬቡ ሰው ዞረ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ። በከንቱ አደከምኩህ። ጀልባዋ አትሸጥም፤ ባለቤቷ አሁን ገና መምጣቷ ነው።»

ከዚያ ወደ ጀልባዋ ዞረና፣ በዚያ ግንብ ላይ ገመድ የሚቀበል ሰው ለነጂው የሚያቀርበውን፣ ለአባታቸው ሺህ ጊዜ የቀረበውን፣ ለቪንካ ግን በሕይወቷ አንድም ቀን ያልቀረበላትን ጥያቄ ጠየቃት።

«ካፒቴን፣ የት ልሰርልሽ?»

ቪንካ ብድግ አለች። ከፀጉሯ ውሃ ይወርዳል፤ ያለ መነጽር ግንቡ ሁሉ ብዥ ብሎባታል። ብዙ የምትለው ነገር ነበራት፤ ለዓመታት ያጠራቀመችው። ትንፋሽ ግን አልነበራትም። ስለዚህ ብቻ እጇን ዘርግታ ግንቡ ላይ ካሉት ሁለተኛውን የብረት ቀለበት አመለከተችው፤ ሎቭሬም ከፔሪና ገመዱን ተቀብሎ እዚያ አሰረው።