ከመርዶ በፊት የተገኘ ድል

«እኔማ ቅዳሜ ማለዳ ነው የሰማሁት» አሉ እትዬ ተዋበች፣ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብለው። የእሳቸው ሹክሹክታ ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም፤ ሳሎኑ በሙሉ ሰማ። «አይናዲስ ገና ሳይነጋ ደወለችልኝ። በይ ጠንከር በይ አልኳትና ተነስቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። የለቅሶ ቤት ወጥ በአንድ ቀን አይደርስም።»

ከፍያለው ፍራሹ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የአባቱን መርዶ ከሰማ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም፤ ይህም አሜሪካ፣ ዋይሊ የምትባል ከተማ ያለውን ቤቱን የሞላውን ለቀስተኛ ሁሉ አሳስቧል። እትዬ ተዋበች በተለይ፣ ያልተለቀሰ ሐዘን ጨጓራ ላይ ይወርዳል ብለው ስለሚያምኑ፣ ፊቱን ሰረቅ እያደረጉ እያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አሁን ግን ቀና አለ። ቅዳሜ ማለዳ?

እሱ የተረዳው እሑድ ጎህ ሲቀድ ነው። ቄሱና ሽማግሌዎቹ የመኝታ ቤቱን በር አንኳኩተው ሲገቡ፣ ከኋላቸው ሚስቱን አይናዲስን በጥቁር ልብስ ሲያይ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ገባው። ወጉ ነው። የአባት ሞት በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ በልቶ፣ እንቅልፉን ጠግቦ፣ ወገን በተሰበሰበበት ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ ከእሱ በቀር አገር ምድሩ ያውቃል። ከፍያለው ራሱ ስንቱን በዚህ ወግ አርድቷል፤ ስለዚህ ዘግይቶ በመስማቱ ቅር አላለውም።

ቅር ያለው ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ማለዳ እሱና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ እንየውና ምናሴ፣ ጋልቨስተን በምትባል ከተማ ባሕር ዳር ባለ የጎልፍ ሜዳ ላይ ዱላቸውን ከጋሪው እያወረዱ ነበር። ሽንኩርት ከታፊዋ በዚያ ሰዓት ካወቁ፣ ጓደኞቹም ያውቁ ነበር ማለት ነው። እነሱ ያውቁ ከነበር ደግሞ፣ ያን ዕለት ከፍያለው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ጨዋታ ነገሩ እንዴት ነው?

አባቱ ሞተውበት ስለ ጎልፍ ያስባል ብላችሁ አትፍረዱበት። ጉዳዩ የአባቱ ጉዳይ ነው።

አቶ ማኑሄ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በዳማ ነው። ግቢያቸው በር ላይ፣ ካርቶን ላይ የተሰመረች ሰሌዳና አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ ይዘው ይቀመጣሉ። ልጃቸውን ዳማ ያስተማሩት ፊደል ሳይለይ ነው፤ የዚያኑ ዕለት አሸነፉት፣ ከዚያም በኋላ አላቆሙም። ኩፍኝ ወጥቶበት ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው፣ ሰሌዳዋን አልጋው ላይ ዘርግተው አሸነፉት። እናቱ ልጁ ታሟል፣ ምን አለ ለዛሬ እንኳ ብትለቅለት ብላ ስትቆጣ፣ «ለቀቅሁለት ማለት ናቅሁት ማለት ነው» ብለው ቆርኪያቸውን ወደ ጣሳው መለሱ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዕለት፣ ሻንጣው ታክሲ ላይ ተጭኖ ዘመድ አዝማድ እየተላቀሰ፣ አንዴ እንጫወት አሉት። አሸነፉትና ከዚያ አቅፈውት አለቀሱ።

ባሕር ቢሻገርም አልተዉትም። ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ በነበረበት ጊዜ እሱ እዚህ፣ እሳቸው እዚያ የየራሳቸውን ሰሌዳ ዘርግተው በስልክ ይጫወቱ ነበር። መስመሩ ሲቆራረጥ እሱ ተስፋ ያደርጋል፤ ሲቀጥል ይሸነፋል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጎልፍ የጀመረው አባቱ የማያውቁት ጨዋታ ስለሆነ ብቻ ነው። እንየው የሚሠራበት ኧርቪንግ ከተማ ያለ ሆቴል እንግዶች ጥለዋቸው የሄዱ አሮጌ ዱላዎች ነበሩት፤ አስፈቅዶ አመጣቸውና ሦስቱ ተካፈሉ። ምናሴ ነርስ ነው፤ እጁ ስለማይንቀጠቀጥ ወዲያው ተካነበት። እንየው ቦርጩ ኳሷን ቢከልልበትም ጉልበት አለው። ከፍያለው ዘወትር ሦስተኛ ይወጣል፤ አራተኛ ያልወጣው ሦስት ብቻ ስለሆኑ ነው።

በጥቂት ምት ኳሷን ጉድጓድ የከተተ ያሸንፋል ቢባሉም፣ አቶ ማኑሄ ጎልፍ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልገባቸውም። ግን እሑድ እሑድ ሲደውልላቸው፣ ሰላምታው ሳያልቅ «አሸነፍክ?» ይሉታል። «አላሸነፍኩም፣ አባባ» ይላል። «ጎሽ፣ የሚዋሽ ልጅ አልወለድኩም» ይሉና ወደ ወገባቸው ሕመም ይሻገራሉ። ይህ ለዓመታት የዘለቀ ጨዋታቸው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ግን አሸነፈ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ጓደኞቹ እንደ እብድ ሆኑለት። ምናሴ ኳሱን ውሃ ውስጥ ከተተ፤ ሌላ አወጣና እሱንም ከተተ። ዓይኑ ደም መስሎ ነበር፤ ከፍያለው የባሕር ንፋስ ነው ብሎ የራሱን መነጽር አጠለቀለት፣ አልፎም ዱላ አያያዝ አስተማረው። ትከሻህን ዘና አድርግ፣ ፊል አድርገው እንጂ አትታገለው አለው። ምናሴ፣ ያ በጎልፍ ማንንም የማይሰማ ሰው፣ እሺ እያለ ራሱን ነቀነቀ። እንየው ደግሞ ቦርሳውን ተሸከመለት፣ የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ ሰጠው፣ ሁለቴ ያለ ምክንያት አቀፈው። ሽንፈት ሰውን እንዴት ትሑት ያደርጋል እያለ ከፍያለው በልቡ ተደመመ። እሱ ሌላ ዙር ካልተጫወትን ሲል ግን ሁለቱም ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው ወደ ምሳ ወሰዱት። እዚያም እንየው ዓሣውን እየፈለፈለ አጎረሰው። አሸናፊ እንዲህ ይጎረሳል ብሎ ዋጠ።

ምሳው ከመምጣቱ በፊት ወደ አባቱ ስልክ ደውሎ ነበር። ያነሳችው እህቱ ዕፀ ሕይወት ናት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ሰው በእጁ ዝም ያሰኘው ይመስል ጸጥ እረጭ አለ። ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው ሲላት ማኅበር ነው አለችው። አባባን አቅርቢልኝ ሲላት ተኝቷል አለች። ጊዜው እዚያ ምሽት ስለነበር አመናት።

«ሲነሳ፣ አሸነፈ በይው» አላት።

«እነግረዋለሁ» አለችና ዘጋችው።

አሁን ፍራሹ ላይ ሆኖ ያንን ጸጥታ ሲያስታውሰው ላብ አጠመቀው። አንድ ሙሉ ድንኳን ለቀስተኛ አፉን ይዞ፣ እሱ ስለ ጎልፍ ሲፎክር አዳመጠው ማለት ነው። ያም ይሁን፤ ይዋረድ፣ ግድ የለውም። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ለአባቱ የላከው የመጨረሻ መልእክት እውነት ነው ወይስ ውሸት? ይህን ሳያጣራ ማልቀስም የሚችል አልመሰለውም።

ልጁ ኤልዳና ውሃ ይዛለት ስትመጣ እነ እንየውን ጥሪልኝ አላት። «ጋራዥ ውስጥ ነው እነሱ፣ ባባ። ካርድ እየተጫወቱ» አለችው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ጋራዡ የወንዶች ነው። ዕለቱ ሌበር ዴይ፣ የሠራተኞች በዓል የሚውልበት ሰኞ በመሆኑ ሥራ የገባ የለም፤ ሁሉም ኮንከን ላይ ተጥዷል። ጎረቤቱ አሜሪካዊ ሽማግሌም አብረው አሉ። በራፉ ላይ የቆመውን መኪና ብዛት አይተው ድግስ መስሏቸው ቢራ ይዘው መጥተው ነበር፤ ነገሩ ሲገባቸው ቢራውን ከጀርባቸው ደብቀው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ካርታውን ቶሎ ስለለመዱት ማንም ሊለቃቸው አልፈለገም።

ሁለቱ ጓደኞቹ መጥተው ከፍራሹ ፊት ተንበረከኩ። እትዬ ተዋበች ጆሯቸውን አቀኑ።

«ቅዳሜ ጠዋት ታውቁ ነበር?» አለ ከፍያለው በቀስታ።

እንየው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ምናሴ ግን መዋሸት አልተፈጠረበትም፤ መርፌው ያማል ወይ ብሎ ለሚጠይቀው ሕመምተኛ እንኳ፣ አዎ በጣም የሚል ሰው ነው።

«ቁርስ ላይ እያለን ነው አይናዲስ ኮል ያደረገችን» አለ። «ወዲያው ልንመለስ ነበር። ግን ምን ብለን ካንስል እናድርገው? ትጠረጥራለህ። ሶ፣ አትረብሹት፣ ደስ ብሎት ይዋል፣ አብሉት አለች።»

«ስለዚህ ለቀቃችሁልኝ።»

«እኔ ኳሶቼን ሆን ብዬ ነው ውሃ ውስጥ የከተትኩት» አለ ምናሴ። ትንሽ አሰበና ደግሞ አስተካከለ። «ሁሉንም አይደለም። አንዱ በራሱ ነው የገባው።»

ከፍያለው ጋቢውን ወደ አፉ አስጠጋ። ያናገረው ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነው። ለአባባ አሸነፍኩ ብዬ ልኬለታለሁ አላቸው። አባባ ለታመመ ልጅ እንኳ የማይለቅ ሰው፣ በተሰጠኝ ድል ዋሽቼው ተቀበረ። እናንተም ናቃችሁኝ፣ እንደ ሕፃን አባበላችሁኝ አለ።

ይኼኔ እንየው ከጣሪያው ወረደ።

«ናቃችሁኝ?» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ላንተ መሸነፍ ቀላል መሰለህ? አንተ አሸዋ ውስጥ ትገባለህ፣ እኔ ካንተ የባሰ አሸዋ ፍለጋ እዞራለሁ። አንተ ዛፍ ትመታለህ፣ እኔ ካንተ የራቀ ዛፍ እፈልጋለሁ። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ በዘጠኝ ምት ነው የጨረስከው፤ ሕፃን ልጅ በሰባት ይጨርሰዋል። አስር ለማድረስ ብዬ ወደ ኋላ ሁሉ መትቻለሁ፣ አላየኸኝም። ደግሞ ያቺ ኳስ፣ ስሸሻት እየተንከባለለች ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰች። እኔ ደግሞ፣ በእመብርሃን፣ ስለ ጋሽ ማኑሄ ነፍስ ብለሽ አትግቢ ብዬ ለመንኳት።»

«ከዚያስ?» አለ ከፍያለው ሳያስበው።

«የጉድጓዱን ከንፈር ዞራ ወጣች።»

«እውነቱን ነው፤ እኔም አይቻለሁ» አለ ምናሴ፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስል ኮስተር ብሎ። «ዞራ ወጣች።»

ከፍያለው ጋቢውን በፊቱ ላይ ጣለው። ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፤ አልተያዘለትም። እንየው በዚያ ቦርጩ ባሕር ዳር ቆሞ የጎልፍ ኳስ ሲማጸን በዓይኑ ሄደበት፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፣ ከጉሮሮው የታፈነ ሲቃ ወጣ። እትዬ ተዋበች ይህን ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

«ተመስገን! ወጣለት!» ብለው ደረታቸውን መቱና ለቅሶውን አነሱት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አይናዲስ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። የጋራዡ ወንዶች ካርታቸውን እንደያዙ በበሩ ተግተልትለው ገቡ፤ ጎረቤቱ ሽማግሌ ከሁሉም በላይ አለቀሱ፣ ምናልባት እሳቸውም የራሳቸው ሙት ይኖራቸዋል። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ።

ጋቢው ውስጥ ከፍያለው መጀመሪያ የሳቀው በእንየው፣ ቀጥሎም በቤቱ ሰው ነበር። ከዚያ ይህን ታሪክ ለአባባ ስነግረው ብሎ አሰበ። ኳሷ ዞራ ወጣች ሲላቸው እንዴት እንደሚስቁ፣ ስቀው ስቀው ሲያበቁ ደግሞ፣ ታዲያ አሸነፍክ ወይስ አላሸነፍክም ብለው እንደሚያፋጥጡት አሰበ። እሑድ ይመጣል፤ የሚደውልበት ስልክ የለም። ሳቁ የት ላይ እንዳበቃ እሱም አላወቀም። አባቱ ናፈቁት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ አድርጎ አልቅሶ አያውቅም፣ አሁን ግን አለቀሰ።

ሰው ሁሉ እንባውን ጠራርጎ ሲረጋጋ፣ ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ደወለ። ዕፀ ሕይወት ከለቀስተኛው መሃል ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ያን ቀን ያልኩሽን ነግረሽው ነበር?» አላት።

«ነግሬዋለሁ። ከመገነዙ በፊት ገብቼ በጆሮው ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ከፍዬ?» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ስባ ጨመረች። «ፊቱ ግን ያመነ ሰው ፊት አልነበረም።»

ከፍያለው ፈገግ አለ። «ነገ ለሠልስቱ ስትሄዱ፣ ተሳስቶ ነው በይው። ጓደኞቹ ለቀውለት ነው በይው። አንቺው ንገሪው፣ ከሌላ አይስማ።»

«አላሸነፈም ልበለው?»

«አላሸነፈም በይው።»

ስልኩን ሲዘጋ እንየውና ምናሴ አሁንም ወለሉ ላይ ተንበርክከው ነበር፤ መሄድም መቀመጥም አቅቷቸዋል። ፍራሹ የሥጋ ዘመድ ቦታ ነው። ከፍያለው በዚህ አገር ወንድም ስለሌለው ሰፊውን ፍራሽ ብቻውን ይዞት ነው የቆየው። አሁን ወደ ግድግዳው ሸሸ አለና በጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ። ምናሴ ወዲያው ተቀመጠ። እንየው ሁለቴ እምቢ ካለ በኋላ እያቃሰተ ወረደ።

በሩ ተከፈተና ከፎርት ወርዝ የመጡ፣ ማንንም በቅጡ የማያውቁ ባልና ሚስት ገቡ። በተርታ ዝቅ እያሉ ከፍያለውን ጨበጡ፣ ቀጥለው ምናሴን፣ ቀጥለው እንየውን፤ ሦስቱንም እግዜር ያጥናችሁ አሏቸው። እንየው እኔ እንኳ ልጃቸው አይደለሁም ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ከፍያለው የጋቢውን ጫፍ ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርግለት ግን አንገቱን ደፋና «አሜን» አለ።