ሹሩባ ሲፈታ መጽሐፍ ይመለሳል

መደርደሪያው ሲመጣ እኔ አልፈለግሁትም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ስለ እሱ የገጠምኩትን ጠብ ስታዩ ከልጅነቴ ጀምሮ መጽሐፍ መጽሐፍ ስል የኖርኩ እንዳይመስላችሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። አነባለሁ፣ ግን ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ነው፤ የእኔ ጣት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ፀጉር ውስጥ ነው። የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሁለት ወንበር፣ ሦስት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የራስ መታጠቢያ፣ አንድ ታላቅ እህት። እህቴ ራስ ታጥባለች፣ እኔ ሹሩባ እሠራለሁ። ወሬውን ሁለታችንም እንሠራለን።

ከባህል ቢሮ የተላከችው ተቆጣጣሪ ቀጠን ያለች ልጅ ናት፤ ስትራመድ ጫማዋ ይጮኻል።

«እትዬ፣ አዲስ የንባብ ዕቅድ ወጥቷል» አለችኝ። «ሰው ተቀምጦ ተራ በሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ መጽሐፍ ይኑር ይላል። ክሊኒክ፣ ልብስ ሰፊ ጋ፣ ፀጉር ቤት። መጽሐፉን ከአሳታሚዎች የሚገዛው መንግሥት ነው። አሳታሚው ገበያ ያገኛል፣ ሕዝቡ ያነባል።»

«እኔስ ምን አገኛለሁ?»

«መደርደሪያ።»

«የት ላቁመው? እህቴ ጭንቅላት ላይ?»

«እኔን ምን አስገባኝ?» አለች እህቴ እጇ አረፋ እንደሆነ።

ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ልትወጣ ስትል፣ «ምንም አይደል፣ ማዶ ያሉት ፀጉር አስተካካይ ደስ ብሏቸው ተቀብለዋል» አለች።

እሷ አታውቅም እንጂ እኔን የሚያሸንፈኝ ቃል ያ ነው። ማዶ ያለው ጋሽ ምላጭ ነው። ስሙን ሰፈሩ ነው ያወጣለት፤ ምላሱም እንደ ምላጩ ስለሆነ። እኔ ቤቴን ቀለም ሳስቀባ እሱ ያስቀባል፣ እኔ መስታወት ስቀይር እሱ ሁለት ይቀይራል።

«ጋሽ ምላጭ የተቀበለው እኔ ጋ የሚቀር ነገር የለም። አስገቢው!» አልኳት።

አርባ መጽሐፍ ተደረደረ። ደንቡም ተነገረኝ፤ መጽሐፍ ከቤት አይወጣም፣ ተቆጣጣሪ በመጣች ጊዜ ሁሉም መደርደሪያው ላይ መገኘት አለበት። በትኜ ከተገኘሁ መደርደሪያው ተነሥቶ አጥብቆ ለሚይዝ ሰው ይሰጣል።

መጀመሪያ ማንም አልነካውም። እህቴ ፎጣ ማስጫ አደረገችው። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ጠፋ፤ ካስኩ ሁሉ ጸጥ አለ፣ ሴቶቹ ቢጎዲናቸውን ጠምጥመው ፍጥጥ አሉ። ያን ጊዜ ደንበኛዬ ዳቦ ሻጯ ሰልችቷት አንዱን መጽሐፍ መዘዘችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። የመርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ታሪክ ነው። የመርከቡ አዛዥ በልቶ ሲነሣ ወደቀ፤ መርዘሃል ተብሎ አብሳዩ ታሰረ። ሰውየው ገና ካቴና ሲገባለት መብራት መጣ፣ ካስኮቹም ማጉረምረም ጀመሩ።

«አጥፊው!» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ። «አልሰማንም!»

ፀጉራቸው እርጥብ እንደሆነ አስጠፉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ሌላ ሆነ። ተራ የምትጠብቀዋ ታነባለች፣ የምትሠራዋ ትሰማለች፣ እኔ እጎነጉናለሁ። ስንት ዓመት እዚያው ወንበር ጀርባ ቆሜ እጄ ሲሠራ ሐሳቤም አብሮ እዚያው ይቆም ነበር። አሁን እጄ እዚህ፣ ልቤ ባሕር ላይ። አንዷ ራስ ላይ ሁለት መስመር አጣምሜባት እንኳ «ተዪው፣ አብሳዩ ምን እንደሚል ልስማ» አለችኝ።

ችግሩ ሌላ ነው። ያለቀላት አትነሣም! ሹሩባዋ ተሠርቶ፣ መስታወት አይታ፣ ከፍላ ትቀመጣለች። በር ላይ የቆመችው ታጉረመርማለች። አንድ ቀን ዳቦ ሻጯ አንድ ሌላ መጽሐፍ ጀምራ ወንበሩን አለቅም አለች።

«ተነሽ እንጂ፣ ሰው ቆሟል።»

«ይህቺን ገጽ ብቻ።»

«ቅድምም ይህቺን ገጽ ብለሻል።»

«ቅድም ሌላ ገጽ ነበር።»

ንድድ አለኝ። «ይዘሽው ሂጂ! ውሰጂው፣ ብቻ ከወንበሬ ተነሺልኝ!»

«ደንቡስ?» አለች እህቴ።

«ደንቡ ወንበር ያስለቅቅልኛል?»

ዳቦ ሻጯ መጽሐፉን ብብቷ ሥር ከታ፣ «መቼ ልመልስ?» አለች።

«ሹሩባሽን ልትፈቺ ስትመጪ። መጽሐፉን ካላመጣሽ አልፈታሽም፤ እንደተጎነጎንሽ ታረጂያለሽ።»

በቃ፣ ሕግ ወጣ። ማንም አስቦ ያወጣው አይደለም፣ እንዲያው ከአፌ ወጣ። ግን ሠራ። ወፍራም ሹሩባ ቶሎ ይፈታል፣ ቀጭን ሹሩባ ይቆያል። ሴቶቹ ይህን ሲያውቁ መጀመሪያ መጽሐፍ እየመረጡ ከዚያ ሹሩባ ማዘዝ ጀመሩ። «ይሄ መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ እስቲ ሹሩባውን ቀጭን ቀጭን አድርጊልኝ» ትለኛለች አንዷ። አንድ ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ የወሰደችውንማ ጣቴ እስኪደነዝዝ ጎነጎንኳት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያ የሚጮኸው ጫማ ተሰማ። ተቆጣጣሪዋ መደርደሪያው ፊት ቆማ ቀረች። እዚያ የቀሩት የንብ እርባታ መጽሐፍ፣ የመንገድ ትራፊክ ደንብና የእህቴ ሳሙና ናቸው።

«እትዬ፣ መጽሐፎቹስ?»

«ሰው ራስ ላይ ናቸው።»

«እ?»

ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት። እህቴም አገዘችኝ፣ ማለትም አባባሰችው፤ «የአዋላጇ ሹሩባ ቀጭን ነው፣ ገና ይቆያል» አለች።

ልጅቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ የእኔ ሪፖርት ሹሩባ የሚባል ነገር አያውቅም። መደርደሪያ ላይ ስንት አለ ነው የሚለው። ባዶ ነው ብዬ ከጻፍኩ ሰዉ ሰረቀው ይሉና የሚመጣው ዓመት ግዢ ይቀራል። ያኔ አሳታሚዎቹም ጦማቸውን ያድራሉ፣ እኔም ከሥራዬ እነሣለሁ። ማዶ ያሉት እኮ አንድ አልጎደለባቸውም። ሁሉንም በላስቲክ ሸፍነው አስቀምጠዋል።»

«ማንስ አንብቦት?»

«እሱን አልጠየቅሁም» አለችና አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እስከ ቅዳሜ። ተሸካሚ ይዤ እመጣለሁ። አርባው ካለ ይቆያል። አንድ እንኳ ከጎደለ መደርደሪያው ወደ ማዶ ይሻገራል። ከዚህ በላይ ልረዳዎት አልችልም፣ እትዬ።»

ስትወጣ እህቴ ሳሙናዋን ከመደርደሪያው ላይ አነሣች። «ይሂድ እንጂ። ቦታ ይለቅልን» አለችኝ።

«እኔ ሳልሞት አይሄድም።»

«አልፈልግም ብለሽ አልነበር?»

«ያኔ አልፈለግሁም። አሁን ፈለግሁ። ምን አገባሽ?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ለእያንዳንዷ የምላት አንድ ነው፤ ቅዳሜ መጽሐፉን ይዘሽ ነይ፣ በነጻ እፈታሻለሁ። እህቴ ይህን የሰማች ዕለት «ነጻ? ነጻ አልሽ?» ብላ ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

ዳቦ ሻጯ ከመስኮቷ አይታኝ ከባንኮኒው በታች ጎንበስ አለች። «የለችም በሉ!» ስትል ሰማኋት። «አለሽ እንጂ፣ ሹሩባሽ ይታየኛል» አልኳት። አዋላጇ ደግሞ መጽሐፉን ማዋለጃ ክፍል ይዛ ገብታለች። በሩን በርግዳ፣ «እትዬ፣ አሁን አልሰጥም! ምጥ ላይ ያለችው ናት አንብቢልኝ ያለችኝ፤ ልጁ ሳይወጣ ምዕራፉን አላቋርጥም» ብላ መልሳ ዘጋችው። ምን ልበል? ማርያም ትፍታት ብዬ ተመለስኩ።

መጨረሻ የጋሽ ምላጭ ሚስት ጋ ሄድኩ። ያንን የአብሳዩን መጽሐፍ የወሰደችው እሷ ናት፤ ገና ግማሹን ሳንሰማ ስለወሰደችብን ሁላችንም አኩርፈናታል። በሩን ስትከፍት ራሷ በሻሽ ተጠምጥሟል።

«ሹሩባው?»

«ቤቴ ፈታሁት፣ እህቴ።»

«መጽሐፉስ?»

መሬት መሬት አየች። «ጠፋብኝ።»

አንድ እንኳ ከጎደለ ያለችው የልጅቷ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «በይ ግቢና ፈልጊው፤ አልጋ ሥር እይ፣ ቁም ሣጥን እይ» አልኳት። እሷ ግን «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጋሽ ምላጭ አስጠፍቷት ነው ብዬ ደመደምኩ። መደርደሪያውን ፈልጎ! ያን ሌሊት በሐሳቤ ስሰድበው አደርኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሴቶቹ መጡ፤ እንዴት እንደመጡ ግን አትጠይቁኝ። ሁሉም ባንዴ! ወንበሩ ሞላ፣ ወለሉ ሞላ፣ ደጃፉ ሞላ። አንዷን ጀምሬ ግማሽ ራሷን ስፈታ ሌላዋ «እኔስ?» ትላለች። ግማሽ ፀጉራቸው ቆሞ ግማሹ ተጎንጉኖ፣ ሁሉም መጽሐፍ ላይ አፍጥጠዋል። አዋላጇ ከአዳር ሥራ በቀጥታ መጣች። «ወንድ ነው፣ ምዕራፉም አለቀ» አለችኝ።

ተቆጣጣሪዋ ሁለት ተሸካሚ አስከትላ ስትገባ መርገጫ አጣች።

«እባካችሁ መጽሐፎቹን መደርደሪያው ላይ አድርጉልኝ፣ ልቁጠር» አለች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ይህቺን ገጽ ብቻ» አለች ዳቦ ሻጯ።

ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሁለቱን ቆጥራ፣ ሌላውን እየዞረች ከየእጃቸው ቆጠረች። አንዴ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ደስታ አልነበረም፤ እሷም እንዲሞላ ፈልጋ ነበር መሰለኝ።

«አንድ ይጎድላል፣ እትዬ።»

ተሸካሚዎቹ መደርደሪያውን በግራና በቀኝ ያዙት። እኔም ያዝኩት፣ በመሐል። «አልለቅም» አልኩ። እህቴ፣ ያቺ ይሂድልን ስትል የሰነበተችው፣ መጥታ ከጎኔ ያዘች። እጇ በአረፋ ስለተነከረ እያንሸራተታት ነው፣ ግን ያዘች።

በዚህ መሐል ነው ጋሽ ምላጭ መንገዱን አቋርጦ በሬ ላይ ብቅ ያለው። ሽርጡን እንዳገለደመ ነው፣ ባንድ እጁ ምላጭ፣ በሌላው እጁ መጽሐፍ ይዟል፤ ጣቱን የመጨረሻው ገጽ ውስጥ ሰክቷል። ሚስቱ ከኋላው ልብሱን ትጎትተዋለች። ሰውየው ማንንም አላየም፣ እኔን ብቻ።

«ስሚ! ይሄ ነገር እንዲህ ተብሎ ያልቃል እንዴ? አብሳዩን ፍርድ ቤት አቆሙት፣ ዳኛው አፉን ከፈተ፣ በቃ! ገጹ አለቀ! አንቺ ገንጥለሽው ነው?»

«ጠፋ የተባለው መጽሐፍ!» አለች እህቴ።

ሚስቱ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። «ሳልጨርሰው አትመልሺም ብሎኝ እኮ ነው፣ ምን ላድርግ? ሹሩባዬን ራሱ ነው የፈታልኝ!»

የወንድ ፀጉር ሲላጭ የኖረ እጅ ሹሩባ ሲፈታ አሰብኩትና፣ ከነንዴቴ ሳቅ አፈነኝ።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ምላጭ ልጅቷን ያያት። መጽሐፉን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ፤ የደበቀው ግን ምላጩን ነው።

«የእርስዎ መደርደሪያ ሙሉ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው።

«ሙሉ ነው! አንድም አልተነካም!» አለ ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው መሰለኝ፣ ቀስ እያለ ተነፈሰ።

ልጅቷ መጽሐፉን ተቀብላ ጀርባውን አየች፣ የፊቱን አየች። ጆሮዋ ቀላ። «ይሄ... ቅጽ አንድ ነው። ቅጽ ሁለት አለው። ስናከፋፍል ለሁሉም እኩል ይድረስ ብለን...»

«ብላችሁ?»

«ቅጽ ሁለቱ ማዶ ነው። እሳቸው መደርደሪያ ላይ።»

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሮጠ አላውቅም። ዳቦ ሻጯ ትመስለኛለች። ግማሽ የተፈታ ራስ ሁሉ መንገዱን አቋረጠ፤ ታክሲ ቆሞ አሳለፈን። ጋሽ ምላጭ ቤት ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ ግማሽ ጉንጩ ሳሙና፣ ግማሹ ተላጭቶ ተቀምጧል። ስንገባ ሲያይ የመጣንበት መስሎት ሁለት እጁን አነሣ።

መደርደሪያው ያበራል፣ ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልሎ። ጋሽ ምላጭ ራሱ ፈልጎ አወጣውና በምላጩ ሰንጠቅ አድርጎ ላስቲኩን ከፈተው። እኔ እጄን ዘረጋሁ።

«አይሆንም፣ ይሄ የእኔ መደርደሪያ ነው» አለ።

«ቅጽ አንድ የእኔ ነው! ያለ አንድ ሁለት አለ እንዴ?»

«ደንቡ ከቤት አይውጣ ነው የሚለው!»

«እሱን ለሚስትህ ንገራት!»

ሁለታችንም ዞረን ልጅቷን አየናት። እሷ ደግሞ የምታየው ሌላ ነው፤ በሩን የዘጉትን ሴቶች፣ ከነመጽሐፋቸው፣ አንዳንዷ እዚህም ቆማ ታነባለች። ተሸካሚዎቹን ጠርታ «ሂዱ፣ የሚነሣ ነገር የለም» አለቻቸው። ከዚያ ወደኛ መጣች።

«ሁለቱም መደርደሪያ ባለበት ይቆማል። መጽሐፍ ግን ወደ ሰው ቤትም ይሄዳል፣ መንገድም ይሻገራል። ደንቡ ይሻሻል ብዬ ለአለቆቼ እጽፋለሁ። ዛሬ ያየሁትን እጽፋለሁ።»

«እምቢ ካሉስ?» አለች እህቴ።

«እስኪሉ ድረስ አንብቡ።»

መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እኛም እያነበብን ነው።

ያን ቀን ጥሩ ድምፅ ያላት አዋላጇ ስለሆነች መጽሐፉ ለእሷ ተሰጠ። ጋሽ ምላጭ ከሚሠራበት ወንበር አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እሱ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ሳሙና የተቀባው ሰውዬ «እኔንስ ማን ሊጨርሰኝ ነው?» ሲል፣ «ዝም በል፣ ዳኛው ሊናገር ነው» ተባለ። አዋላጇ ጀመረች። ዳኛው ተናገረ፣ ረጅም ነገር ተናገረ፣ የሕግ ቃል የበዛበት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ከላይ ድገሚው» አለ ጋሽ ምላጭ።

አታቋርጥ ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኔም አልገባኝም ነበር።