ንፋሱ የተወልን መንገድ

እውነቱን ልናገርና መንገዱን የዘጋነው እኛ ነን። አውሎ ነፋሱ ሐሙስ ከሰዓት የሰፈራችንን ጣራ እንደ ሻሽ ገፎ ሲሄድ፣ መሀል ለመሀል መኪና የምታልፍበት መንገድ ትቶልን ነበር። ቆርቆሮው አጥር ላይ፣ ዛፉ ሰው ግቢ ውስጥ፣ የጎረቤት ሱሪ የመብራት ሽቦ ላይ ቀረ፤ አስፋልቱ ግን ያለቀለት ባዶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት "ሰፈራችንን እናጽዳ" ብለን ወጣን። ስድስት ሰዓት ሲሆን መኪና ቀርቶ ድመት የማታልፍበት አድርገነው ቁጭ አልን።

ጥፋቱን ኮሚቴው ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኝ ነበር። ኮሚቴው የምንለው ከእኛ ሦስተኛው በር ያለውን ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሁለት ሰው ቆሞ ካየ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ካላስመረጠ አያልፍም። ንፋሱ ሲመጣ አልጋ ሥር ነበር፤ ንፋሱ ሲሄድ የድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው።

"ሁሉም ከደጁ ይጀምር!" ሲል አረፈደ። "እያንዳንዱ የራሱን ወደ መሀል ያውጣ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!"

እኛም እሺ አልን። የቀኙ ወደ መሀል ገፋ፣ የግራው ወደ መሀል ገፋ። ሎሚያችንን ሁላችንም አምጥተን አንድ ቦታ ዘረገፍነው። ከመሀሉ ማን ያነሳዋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። እንዲያውም ከሁሉም ቀድሜ የገፋሁት እኔ ነኝ።

የቸኮልኩት ለአባቴ ነው። ኩላሊቶቹ መሥራት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ሆስፒታል ወስጄው ደሙ በማሽን ይታጠባል። ሐሙስ በንፋሱ ቀረ። አርብ ሆስፒታሉ ራሱ መብራት አልነበረውም። ቅዳሜ በጠዋት ሲስተሯ ደወለችልኝና "ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ማሽን ይዤላችኋለሁ። ከዘገያችሁ ግን ለሌላ ነው የምሰጠው፣ ወረፋው ከበር ውጭ ደርሷል" አለችኝ። የአባቴ እግር አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። ሁለት ቃል ተናግሮ ለመተንፈስ ያርፋል። ሌላ ቀን እንደሌለን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

ስለዚህ በጠዋቱ ተነስቼ በራችን ላይ የተጋደመውን ቁም ሳጥን፣ የስፌት ጠረጴዛዬን ስብርባሪና ውሃ የጠጣውን ፍራሽ እየጎተትኩ አስፋልቱ ላይ ከመርኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄ ለመርፌ እንጂ ለፍራሽ አልተሠራም። ሆኖም ደጄን አጸዳሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔስ አፍስሼ መልቀሙም አቃተኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሆስፒታል እንዲያደርሰን የጠራሁት የአምቡላንስ ሾፌር ደወለ።

"እህቴ፣ መግቢያው ላይ ነኝ። ይሄ ምንድን ነው? ተራራ ነው እንዴ የሠራችሁት?"

"ትንሽ ጠብቀኝ ወንድሜ፣ አሁን አስነሳዋለሁ።"

"እስከ ሰባት ተኩል እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ በሽተኛ አለብኝ።"

እየሮጥኩ ወደ ክምሩ ሄድኩና በአንድ ጎን ቀዳዳ እንክፈት አልኩ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት እጇን ዘርግታ ፊቴ ቆመች።

"ማንም እንዳይነካ! ቆርቆሮዬ እዚህ ውስጥ ነው። ሳልለየው ከተጎተተ ለማን አቤት እላለሁ?"

"እትዬ፣ አባቴ እኮ..."

"አውቃለሁ የኔ እናት፣ ይማርልሽ። ግን ጣራ የለኝም እኮ!"

እሷም እውነቷን ነው። ያቃጠለኝም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ብትሆን ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር።

እሷን ትቼ በሌላው ጫፍ ጀመርኩ። አንዱን ሳንቃ ወደ ቀኝ ስወረውር የቀኙ ሰው "አሁን ጠርጌ!" ብሎ መልሶ ይወረውረዋል፤ ወደ ግራ ስወረውር የግራው። ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ የሱቁን ወንበር ከሥር አይቶት ኖሮ፣ ወንበሩ ሳይወጣ ከላይ ያለው አይነቃነቅም ብሎ ሙጭጭ አለ። ኮሚቴው ደብተር ይዞ መጣ።

"በሥርዓት! በመጀመሪያ የማን ንብረት እንደሆነ ይመዝገብ።"

"ጋሼ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው!"

"ለዚህ እኮ ነው በሥርዓት የምንለው፣ ልጄ።"

ደሜ ፈላ። አንዱን ቆርቆሮ በባዶ እጄ ይዤ ሳብኩት፤ ቆርቆሮው ወይ ፍንክች፣ መዳፌ ግን ተተለተለ። ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬበት ወደ ቤት ገባሁ። ሰባት ሰዓት ሆኗል።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

"ተነስ አባዬ፣ መሄጃችን ደርሷል።"

"ተዪው ልጄ። መንገዱ... ተዘግቷል አሉ።"

"ማን አለህ?"

"ያ ድምፅ ማጉያ... ነዋ።" ትንሽ አረፈ። "ሁለት ዓመት... አንከራተትኩሽ። ይሄን እግዜር ነው የዘጋው።"

"እግዜርን እዚህ አታስገባው! የዘጋሁት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩበት።

በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ግን ካለፈው ወር ጀምሮ ላለመሄድ ምክንያት ሲፈልግ አይ ነበር፤ አንድ ቀን ወገቤን፣ አንድ ቀን ዝናብ ነው ይላል። አሁን ደግሞ እምቢ የማይባል ምክንያት በገዛ እጄ ከምሬ ሰጠሁት። ንፋሱ ላይ መናደድ ቀላል ነው፤ በራስ ላይ መናደድ ግን መውጫ የለውም።

የጓዳው በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ገንጥዬ አወረድኩት። ብርድ ልብስ አነጠፍኩበት። ወጥቼ ፀጉር አስተካካዩን እጁን ይዤ አስገባሁት፤ አባቴን ሲያይ ወንበሩን ረሳው። አባቴን አጋድመን በመጋረጃ አሰርነውና ይዘነው ወጣን። ለመከራከር ትንፋሽ አልነበረውም፣ እኔም ያንን ተጠቀምኩበት።

ክምሩ ሥር ስደርስ "ያዙ" ብቻ አልኩ።

ኮሚቴው ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ አንዱን ጥግ ያዘ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከፊት ወጣችና "እዚህ ርገጡ! ኧረ እዚያ ሚስማር አለ!" እያለች ትመራን ጀመር። በሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ላይ ወጣ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያጓጉዝ ኖሮ ሰው ሲያጓጉዘው አፍሯል።

ጫፉ ላይ ከተሸካሚዎቹ የአንዱ እግር ሰመጠና በሩ ዘመመ። ሁላችንም ቀጥ ብለን ቆምን። ይሄኔ አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

"አውርዱኝ" አለ። "በቃኝ... ልመለስ።"

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እኔ ደግሞ የሾፌሩን መኪና አያለሁ፤ ሞተሩን አስነስቷል።

"ጋሼ" አለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ የበሩን ግርጌ ተሸክማ እያለከለከች። "የቆምኩት የራሴው ጣራ ላይ ነው። እየተጣመመ ነው። ወይ ወደዚያ ወይ ወደዚህ፣ ቶሎ ይወስኑ!"

አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ እግሯ ሥር የሚጎብጠውን ቆርቆሮ አየ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ የሚገባውን ኮሚቴ አየ። ግራና ቀኝ ጣራ የሌላቸውን ቤቶች አየ።

"ሂዱ በቃ" አለ። "ሰው ትከሻ ላይ... ልሞት ነው እንዴ? ነውር ነው።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። በሩ በወዲያኛው በኩል መውረድ ጀመረ።

ሾፌሩ አምስት ደቂቃ ጨምሮ ነው የጠበቀን፤ ያንንም ሆስፒታል እስክንደርስ ሲነግረኝ ነበር። የአምቡላንሱ በር ከመዘጋቱ በፊት ከክምሩ ላይ "ይሄኛው ቆርቆሮ የማነው?" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ኮሚቴው ደብተሩን መልሶ አውጥቷል። መንገዱ እንደተዘጋ ነው፣ እኛ በላዩ አለፍን እንጂ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሲስተሯ መርፌውን ክንዱ ላይ ሰካች። አጠገቡ ተቀምጬ መዳፌን በአልኮል እያሻሸሁ ውስጤ ይብከነከናል። ኮሚቴው፣ ወንበሩ፣ ቆርቆሮው፣ የገዛ ፍራሼ፣ ሁሉም በየተራ ይመጡብኛል። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ የአባቴ ፊት ትንሽ ወዝ ያዘ፣ ትንፋሹም ረዘመ። ባለፈው ወር እዚህ አልጋ ላይ በተኛ ቁጥር "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" ነበር የሚለኝ። ዛሬም ያንን ሲል ለመስማት ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

"ስሚ" አለኝ። "ማክሰኞ በየት በኩል ነው የምንወጣው?"

አልቅሼ እንዳላስደነግጠው ብዬ ኮሚቴውን መስደብ ጀመርኩ።