ቀምሰህ ስጠው

ባሌን ያሳበድኩት እኔ ነኝ አሉ። ይህን ወሬ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ያልሰማ ካለ ጆሮው አይሠራም ማለት ነው። ወሬውን የሚያዞረው ደግሞ ባዳ አይደለም፤ ባሌ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው አሸናፊ ነው። እኔ ፍቅርአዲስ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርጄ ለሠራተኞች ምግብ ሳበስል ነው ውባንተ አይቶ ያገባኝ። የአሸናፊ እናት ያኔ ከሞተች ቆይታ ነበር። ለአሸናፊ ግን ዛሬም እናቱን ገፍቼ የገባሁ ነኝ።

ውባንተ መርሳት የጀመረው በትንሽ በትንሹ ነው። የትራክተሩን ሹፌር በሞተ ወንድሙ ስም ይጠራዋል። ማሳው ባዶ በሆነበት በሚያዝያ ሐሩር ይወጣና አጫጆቹ የት ገቡ እያለ ይቆጣል። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ሳቀርብለት ሚስቴ የት ሄደች ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አይደለሽም አለኝ። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም።

አሸናፊ ጎንደር አንድ ሐኪም ዘንድ ወሰደን። እኔም አብሬ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ስለዚህ የተባለውን ሁሉ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው፣ ሊያድነው የሚችል መድኃኒት የለም አለ። ከዚያ ምን እንደሚበላ፣ ሆዱ እንዴት እንደሆነ፣ ምን ምን መድኃኒት ሲወስድ እንደኖረ ጠየቀ። ስለ ሆዱ ለምን ትጠይቃለህ ስለው በደንብ አስረዳኝ። በሰው አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ለቁጥር የሚያታክቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ጠቃሚ ናቸው። የእነሱ መዛባት በአእምሮ በሽታ ላይ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብለው የሚመራመሩ አሉ፤ ነገር ግን ገና አልተረጋገጠም። እናንተ ባቄላውን፣ ጎመኑን፣ እርጎውን አብሉት፣ ባክቴሪያ የሚገድለው ካፕሱል ጠቃሚውንም ይፈጃልና በግምት አትስጡት አለን።

እኔም አፌ አያርፍም፤ ካፕሱሉንማ ሆዴን ባለ ቁጥር ይኸው ልጁ ከድንበር እያመጣለት እንደ ቆሎ ሲቅመው ኖሯል አልኩ። ሐኪሙ ለዚህ ያበቃው ካፕሱሉ ነው ማለት አይቻልም አለ። እኔም አልልም። አሸናፊ ግን ፊቱ ጠቆረ።

ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ አሸናፊ ይዞ የተመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሽታው ከሆድ ነው የሚለውን። ከሆድ ከሆነ ሆዱ ውስጥ ምን ገባ? ማንስ አበላው? በእኛ አገር እንዲህ ከተባለ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሚስት አስነካችው፣ መስተፋቅር በወጥ ለውሳ አበላችው ማለት ነው። ሚስቲቱ ጎጃሜ ከሆነች ደግሞ ምስክርም አያስፈልግ። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ያስነካችውን ነገር በኮሶ ጠርጎ ማውጣት። አሸናፊም አባቴን ኮሶ አጠጣለሁ ብሎ ተነሣ።

አሸናፊ መሬቱን ፈልጎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። አባቱን ይወዳል። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ እየወደደ ሊገድለው ነው። ኮሶ ጎረምሳ ያንበረክካል። ውባንተ አጥንቱ ቀርቷል፤ ጣሳውን ይዤ ካላጠጣሁት በቀር ውሃ መጠጣት እንኳ ይረሳል። በዚህ ሙቀት ሆዱ ተጠርጎ ካደረ የሚነሣ አይመስለኝም። በሬሳዬ ላይ ካልሆነ አይጠጣም አልኩ።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው እሑድ አሸናፊ ሽማግሎች ይዞ መጣ። ኮሶውን በቅል በጥብጦ ይዟል። ሽማግሎቹ ደጅ ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ዋናቸው የውባንተ የድሮ ጎረቤት አያ ትዕዛዙ ናቸው። ልጅ ለአባቱ ክፉ አያስብም፣ እምቢታሽ ያስጠረጥርሻል አሉኝ። የሐኪሙን ቃል ነገርኳቸው። ሆድ ውስጥ የሚኖረው ሁሉ ጠላት አይደለም፣ ኮሶ ደግሞ ይህን ከዚያ አይለይም አልኩ። ከመካከላቸው አንዱ ሳቀ።

«ያስገባሽው እንዳይወጣ ፈርተሽ ነው» አለኝ አሸናፊ።

ቢላዋ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። እነዚህ ሽማግሎች ቤቴ ሲመጡ ጠላዬን በመዳፌ ጠብ አድርጌ ሳልቀምስ ሰጥቻቸው አላውቅም። የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ማንም ቤት ያለ ደንብ ነው።

«እሺ፣ ይጠጣ» አልኩ። «በዚህ ቤት ግን ሳይቀመስ የሚሰጥ ነገር የለም። ቀምሰህ ስጠው።»

አሸናፊ ከቅሉ ጥቂት ወደ መዳፉ አፍስሶ ላሰ።

«ጠላ አይደለም» አልኩት። «ለአባትህ ያሰብከውን ያህል ቅመስ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። አያ ትዕዛዙ አገጫቸውን አሻሹና ልክ ናት አሉ፤ መጀመሪያ እሱ ይጠጣ፣ የሚያደርገውን አይተን ለአባቱ እንሰጣለን። አሸናፊ ዓይኔን እያየ ጣሳ ሙሉ ቀድቶ በእልህ ጨለጠው።

ብዙም አልቆየ። በመጀመሪያ ግንባሩ አላበው፤ ከዚያ ተነሥቶ ከአገዳው አጥር ጀርባ ሮጠ። ተመለሰ፣ ደግሞ ሮጠ። በመጨረሻ ቀና ማለት አቅቶት የራኩባውን ምሰሶ ተደግፎ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰ። ያ የሰሊጥ ጆንያ ብቻውን የሚጭን ጎረምሳ ተንበረከከ። ደስ አለኝ። አያ ትዕዛዙ ቅሉን አንሥተው የቀረውን ኮሶ መሬት ላይ ደፉት።

ውባንተ እስከዚያ ድረስ እዚያው ራኩባው ሥር ባለው አልጋ ላይ፣ በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ ተቀምጦ ነበር። አሁን ተነሣና ምርኩዙን ይዞ ልጁ ፊት ቆመ። አየው፤ አላወቀውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ሰው ምን አብልተሽው ነው?» አለኝ።

ሽማግሎቹ ሁሉ አቀረቀሩ። ከሰው ሁሉ ስሰማው የኖርኩትን ነገር አሁን ከእሱ አፍ ሰማሁት። አሸናፊን አየሁት።

«ንገረዋ» አልኩት።

«እሷ አይደለችም፣ አባ» አለ አሸናፊ፣ እንዳቀረቀረ። «ምንም አላበላችም። እኔው ነኝ።»

«ሽማግሎቹ አልሰሙህም» አልኩት። «ድገመው።»

ደገመው። ከዚያ በኋላ ለአሸናፊ ውሃ ቀዳሁለትና ፊቱ ቆሜ፣ ቀምሼ ሰጠሁት።