የአርዲስ ጉድጓድ ውሃ

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የአርዲስን ነገር ላጫውታችሁ።

አርዲስ አሜሪካ አገር፣ አዮዋ ውስጥ፣ በቆሎ ማሳ መሃል፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። የምትጠጣው ከግቢዋ ጉድጓድ ነው። በሚያዝያ ከወረዳው ሰዎች መጥተው ርካሽ መለኪያ ሰጧት፤ እስክሪብቶ የምታህል፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የምትነከር። ከማሳ ወደ ጉድጓድ የሚሰርገውን ናይትሬት የሚሉትን የማዳበሪያ ቅሪት ትለካለች። ከአሥር ካለፈ ቀይ ታበራለች፤ ያ ውሃ ለጨቅላ አይሆንም፣ ደሙን አየር ያሳጣዋል። አርዲስ ጠዋት ጠዋት ትነክራታለች። ሰባት፣ ስምንት። አንዳንድ ቀን ከአፏ የሚወጣው ቃል ያ ቁጥር ብቻ ነበር።

በሰኔ የልጅ ልጇ ብሬና ደወለች። «አያቴ፣ ሕፃኗን ይዤልሽ ልመጣ ነው። እስከ መስከረም አንቺ ጋ ነን!»

አርዲስ የልጅ አልጋውን ከጣሪያ ሥር አውርዳ አጠበች። ወዲያው ሦስት ቀን ዘነበ። መለኪያዋ አሥራ አራት አለች፤ ቀላች።

አርዲስ እናቷ ያስተማረቻትን አደረገች፤ ትልቁን ድስት ጥዳ ውሃውን እስኪጎድል አንተከተከችው። ሲበርድ ነከረች። አሥራ ዘጠኝ!

ማሳዋን የሚያርሰው ጎረቤቷ ዴልማር በወጥ ቤቱ በር ብቅ አለ።

«እንዴ፣ አሳማ ልታርጂ ነው ይሄ ሁሉ ፍል ውሃ?»

«ለሕፃኗ ነው። ሳፈላው ባሰበት፤ ይቺ ዕቃ አብዳለች።»

«እሷስ ጤነኛ ናት፣ ያበድሽው አንቺ ነሽ! ማፍላት ጀርም ነው የሚገድለው። ይሄ እንደ ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።» ከዚያ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት አየ። «ማዳበሪያው መቼም የኔ ነው።»

«የሁላችንም ነው፤ እኔስ መሬቱን እረስ ብዬ አይደል የሰጠሁህ?»

እሱ ሲሄድ አርዲስ ስልኩን አየችው። ባትናገር ማን ያውቃል? ለብሬና ደወለችና ቁጥሩን ነገረቻት። «የታሸገ ውሃ አስመጣለሁ፣ የኔ ልጅ።»

ብሬና ግን እንዲህ አለች፦ «አያቴ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ ከጉድጓዱ ቧንቧ ብቀዳላትስ? ፈራሁ። ትንሽ ትደግ፣ እንመጣለን።»

«ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» አለች አርዲስ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም። ድስቱን በሁለት እጇ ተሸክማ ጓሮ ደፋችው።

ልጆቼ፣ ያቺን እውነት መናገር ያስከፈላትን አትርሱ።