በቆርቆሮው ስንጥቅ የተማረችው ንባብ

አባቴ የሞተው የስግድ በዓላችን ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ወግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል፤ እሱ የነካውንም ዕቃ ሌላ ሰው አይነካም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ዳር ባለው ግቢያችን፣ ማገዶ ይቀመጥባት የነበረች የቆርቆሮ ቤት ገባሁ። እግሬን ስዘረጋ ግድግዳው ይመልሰኛል።

የባሰው ጥፋቴ ሌላ ነው። የስግዱን ንባብ አባቴ በእጁ የጻፈበት ደብተር አንድ ብቻ ነው። ሊሞት ሲል "አንተ ታነባለህ" ብሎኝ ነበር። ገንዤ ስጨርስ ሳላስብ ደብተሩን ከራስጌው አንስቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። እሱም አብሮኝ ታሰረ።

ሌላ ጊዜ ለስግድ ጎንደር ሄደን፣ ከብዙ ወገን ጋር ጾመን፣ ድንጋይ ተሸክመን ከፍታ ላይ ወጥተን እንሰግድ ነበር። ዘንድሮ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘጋ፤ ከግቢ ርቆ መውጣትም አስፈራ። እዚህ ያለነው ሰባት አባወራ ነን፤ ንባቡን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልቀረም።

ሽማግሌያችን አያ ዋኘው ራቅ ብለው ቆሙ።

"ደመላሽ፣ ዘንድሮ ዝም ብለን ሰግደን እንበተን።"

"እዚሁ ሆኜ ጮክ ብዬ ባነብላችሁስ፣ አያ ዋኘው?"

"አይሆንም። አንባቢ ሕዝቡ ፊት ይቆማል። የማገዶ ቤት ሲያነብ የት አይተሃል?"

ከሰዓት በኋላ ልጄ ሕሊና መጥታ ከቆርቆሮው ስንጥቅ ማዶ ቁጭ አለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

"አባዬ፣ አንተ በለው፣ እኔ እይዘዋለሁ።"

"ረጅም ነው። ወረቀት አምጪና ጻፊው።"

"አያቴ በቃሉ አይደል የተማረው? እኔም በቃሌ።"

ሦስት ቀን እኔ እላለሁ፣ እሷ ትደግማለች። አንዳንድ ቦታ የአባቴ ጽሕፈት ዓይኔ ላይ ይደበዝዝብኛል፤ ድምፄ ይቆረጣል። እሷም ዝም ትላለች። ባለቤቴ ታየች ምግቤን ደጃፍ አስቀምጣ ስትመለስ "ልጅቱን አታስለቅሳት" ትለኛለች። የጎረቤታችን ልጅ እንዳላማው ደግሞ "ከቆርቆሮ ጋር ታወራለች!" እያለ ይስቅባታል።

የስግድ ዕለት፣ ግቢው ውስጥ ለመሠረት ተከምሮ የቀረውን ድንጋይ ተራራ አደረጉት። ልጆቹ ትንንሽ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ወጡበት። እንዳላማው ከዚያው ክምር አንስቶ እዚያው ሲወጣ አያ ዋኘው ተቆጡ።

"ታዲያ ከየት ላምጣ? በሩ ተዘግቷል!" አለ።

አያ ዋኘው እሺ ብለው ሕሊናን ሕዝቡ ፊት አቆሟት። በታችኛው ስንጥቅ ከእሷ የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነበር። ጀመረች። ድምጿ እንደፈራሁት አልተንቀጠቀጠም። መሐል ላይ ግን ዝም አለች።

ጠፋባት አልኩ። ቀጣዩ ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ አፌን ስንጥቁ ላይ ገጠምኩ። ብናገር ንባቡ ከማገዶ ቤት መጣ ማለት ነው፤ የእሷም ልፋት ከንቱ ይሆናል። እጄን ነከስኩ።

ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ዝም አለች። ደብተሩን ገለጥኩ። የቆመችው እኔ ያለቀስኩበት መስመር ላይ ነበር። ምንም አልጠፋባትም፤ ልክ እንደሰጠኋት ነው የያዘችው።

አያ ዋኘው የንባቡ ሥርዓት መስሏቸው በየዝምታው ግንባራቸውን መሬት ያስነኩ ነበር። ሕዝቡም ይከተላቸዋል። ሦስተኛው ዝምታ ሲመጣ እኔም ልሰግድ ጎነበስኩ። ቤቷ ስለማትበቃኝ ግንባሬ መሬት ሳይደርስ ቆርቆሮው ያዘው። እሷ እስክትቀጥል እዚያው ተደግፌ ቆየሁ።